የሞላፔንግ ደብዳቤ

ሎባትሴን አልፈን ከአስፋልቱ ወርደናል። ላንድሮቨሩ አሸዋው ላይ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። በግራችን የድንበሩ አጥር አብሮን ይሄዳል፤ አምስት ረድፍ ሽቦና የእንጨት ቋሚ። ፍየል የሚያልፈው አጥር ነው። ከዚያ ወዲያ ደቡብ አፍሪካ ነው።

ራ ሴቢና ከጎኔ ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ ቡናማ ማህደር ይዟል። ከውጭ ጉዳይ ሰዎች በማዕረግ ሦስተኛው ነበር። ትልቅ ሹመት እንዳይመስላችሁ፤ ነፃነታችን ገና አሥር ዓመቱ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ፣ እኔን ሾፌሩንና ሻይ የምታፈላውን ሴት ጨምሮ፣ ዐሥራ አራት ሰው ነበር። ዕድሜው ከእኔ በሃያ ዓመት ያንሳል። ቢሆንም በእኛ አገር ወንድ ሁሉ «ራ» ነው፣ ሴት ሁሉ «ማ»፤ ሚኒስትርም ይሁን ሾፌር። እሱ «ራ ሞናጌንግ» ይለኛል፣ እኔም «ራ ሴቢና» እለዋለሁ።

«ይስሙኝ እስቲ» አለና ከማህደሩ አነበበ። «ቦትስዋና ሸሽቶ የመጣባትን ሰው ትቀበላለች። ተቀብላ አትመልስም። መሬቷን ግን ማንም የጎረቤት መውጊያ እንዲያደርገው አትፈቅድም።» ቀና አለ። «እንዴት ነው?»

«አጭር ነው።»

«ረጅም መጻፍ ጦር ሠራዊት ይጠይቃል፣ ራ።»

ጦር አልነበረንም። ጠመንጃ የያዘ ፖሊስ ነበረን፤ እሱም የከብት ሌባ ሲያሳድድ የሚውል።

የምንሄድበት ጉዳይ አንዲት አስተማሪ ነበረች። ሞሲዲ ትባላለች። በዚያ ዓመት ደቡብ አፍሪካ፣ ሶዌቶ ውስጥ ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ሲተኮስባቸው፣ የተረፉትን ደብቃለች ተብላ ትፈለጋለች። ከታችኛው ሽቦ ሥር ሾልካ ገብታ ሞላፔንግ የምትባል መንደር ከተቀመጠች ስድስተኛ ሳምንቷ ነው። ሞላፔንግ ከአጥሩ ሦስት ኪሎ ሜትር አትርቅም። ትእዛዙ ግልጽ ነው፤ ዛሬ ማክሰኞ በዝምታ አንሥተን ዋና ከተማችን ጋቦሮኔ እናስገባታለን፣ ሐሙስ ጠዋት በአውሮፕላን ወደ ዛምቢያ፣ ሉሳካ ትሄዳለች። ማዶ ያሉት የት መንደር እንዳለች ገና አላወቁም። ካወቁ ሦስት ኪሎ ሜትር ለእነሱ ምንም አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። በዚያ ዓመት ግሪሳ ወፍ የደቡቡን ማሽላ ጨርሶታል። ከአውሮፓ የተላከልን የእርዳታ በቆሎ በአርባ ፉርጎ ተጭኖ ከድንበሩ ማዶ ሐዲድ ላይ ቆሟል። ባሕር የለንም፤ የሚመጣልን ሁሉ በእነሱ ሐዲድ ነው የሚመጣው። «ሎኮሞቲቭ አጥተናል» ይላሉ። በጽሑፍ ያሉት ይህን ነው። በቃል ያሉት ሌላ ነው፤ «አስተማሪዋ ስትገኝ ሎኮሞቲቩም ይገኛል።»

«በቆሎውን የሰጡን ፈረንጆች ምን ይላሉ?» አልኩት።

«ስብሰባ ላይ ናቸው።»

የሞላፔንግ አለቃ ከበረታቸው አጠገብ ቆመው ተቀበሉን። ኮሲ ሞቲቤዲ ይባላሉ፤ ኮሲ ማዕረጋቸው ነው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። እንግሊዞች ለጦርነት ጣልያን አገር ወስደው ሲመልሷቸው የሰጧቸውን ወፍራም ካፖርት በዚያ ሙቀት ለብሰዋል። ከናሱ አዝራሮች ሁለቱ ወልቀው በአጥንት አዝራር ተተክተዋል።

ራ ሴቢና ኮፍያውን አወለቀ፤ ስለ ከብቱ ጠየቀ፤ ስለ ዝናቡ ጠየቀ፤ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። ኮሲ እስኪጨርስ ሰሙት።

«በዝምታ አልህ?»

«በዝምታ፣ ኮሲ።»

«እኔ ጋ ዝምታ የለም። ስድስት ሳምንት እንግዳ አስቀምጬ ለሸንጎ አላስታወቅሁም። ያንተ መሥሪያ ቤት ለምኖኝ ነው። አሁን ሰው ‹ኮሲ ሰው ይደብቃል› ይለኛል። የበላችው እህል የማን ነው? የእነሱ ነው። እንግዳ ሲገባ በሸንጎ ይገባል፣ ሲወጣም በሸንጎ ይወጣል። አባቴም እንዲህ ነበሩ።»

«ይህች እንደ ሌላው እንግዳ አይደለችም፣ ኮሲ። ስሟ ከወጣ…»

«አንተው ነህ በሬዲዮ ‹እኛ አገር የሚተዳደረው በመነጋገር ነው› ስትል የሰማሁህ። ወይስ ለፈረንጅ ጆሮ ኖሯል?»

ራ ሴቢና በኋላ እንደነገረኝ፣ ያን ጊዜ እምቢ ማለት ነበረበት። ግን በሬዲዮ የተናገረውን ያምንበት ነበር። ለዚህ ሥራ የገባውም ስላመነበት ነው። «እሺ፣ ቶሎ ይሁንልኝ» አለ።

ሸንጎው ከበረቱ ፊት ነው፤ ወፍራም ግንዶች በግማሽ ክብ ተተክለው ነፋሱን ይመልሳሉ። ወንዶቹ የጠፍር ወንበራቸውን ከየቤታቸው ተሸክመው መጡ። ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀመጡ። ኮፍያ ወለቀ። መቶ ሰው ይሆናል።

ኮሲ ገና ሳይቀመጡ የመንደሩ ባለ ሱቅ ፒክአፕ መጥቶ ቆመና አንድ ነጭ ሰው ወረደ። ካኪ ቁምጣ፣ እስከ ጉልበት የተሳበ ካልሲ። አውቀዋለሁ። ሚስተር ኔል ይባላል፤ ማዶ ባለው ጣቢያ የፉርጎ ተቆጣጣሪ ነው፤ ባለ ሱቁ ዘንድ ይመላለሳል። ቋንቋችንን እንደ እኛው ይናገራል። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ወንበር ለቀቁለት።

ወደ ራ ሴቢና ጆሮ ጠጋ ብዬ «ይህ ሰው ይውጣ» አልኩ። ሄዶ ለኮሲ አንሾካሾከላቸው። ኮሲ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ መለሱለት።

«አባቴን አስሮ ሊወስድ የመጣው የእንግሊዝ ሹም እንኳ እዚህ ተቀምጦ ሰምቷል። ከዚህ ሸንጎ ሰው አይባረርም። የሚያሳፍር ነገር አንናገርም።»

ሚስተር ኔል ፈገግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ኮሲ ነገሩን አቀረቡ፤ አስተማሪዋን «እንግዳችን» እያሉ፣ ፉርጎዎቹንም ሳይደብቁ። ከዚያ ለሰዉ ለቀቁት። ራ ፎኮ የሚባል፣ ስድስት ልጅ ያለው፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ቀድሞ ተነሣ።

«እኔ እንግዳ አልጠላም። ግን እንግዳችን አርባ ፉርጎ ታክላለች ወይ? አይቻታለሁ፤ ቀጭን ናት።» ሰው ሳቀ። «ሳቁ። ማታ ልጆቼ ‹አባባ፣ ዛሬም የዱር ሐብሐብ ነው?› ሲሉኝ መጥቶ የሚስቅልኝ ካለ ይምጣ።»

«አሳልፈን እንስጣት ነው የምትለው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አላልኩም! ትሂድ ነው ያልኩት። ወዴት እንደምትሄድ መንግሥት ያውቃል። ይኸው መንግሥት ተቀምጧል፣ ጫማውን ወልውሎ።»

ራ ሴቢና ሊነሣ ሲል ሞዲሪ የሚባል ከማዕድን ሥራ የተመለሰ ጎረምሳ ቀደመው።

«መንግሥትን አንድ ነገር ልጠይቅ። ለእነዚህ ለሚሸሹት መሣሪያ ለምን አትሰጧቸውም? እኔ ማዶ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። እነዚያ ሰዎች በደብዳቤ አይገባቸውም።»

«መሣሪያ ከሰጠን ለመምጣት ሰበብ ያገኛሉ፣ ራ» አለ ራ ሴቢና።

«ሰበብ ካላገኙ አይመጡም ነው የምትለን?»

ሚስተር ኔል ጫማውን ሲያይ ቆየና ፈቃድ ጠይቆ ተነሣ።

«እኔ የሐዲድ ሰው ነኝ፤ ፖለቲካ አላውቅም። በቆሎው ግን በዚህ ሙቀት ነቀዝ እየገባበት ነው። እኔም የልጆች አባት ነኝ። አሳዝኖኝ ነው የምናገረው።»

ያሳዘነው ይመስል ነበር። ምናልባት የእውነቱን ይሆናል።

ከሴቶቹ መካከል ማ ኬቦናንግ ተነሡ። ባላቸው ሞቷል፤ በስሙ የሚጠሩበት ልጃቸው ኬቦናንግ ማዶ ወርቅ ይቆፍራል። አስተማሪዋ የተጠለለችው እሳቸው ቤት ነው።

«ራ ፎኮ፣ አያትህ እንዴት እንደመጡ ንገረን» አሉ።

«አሁን አያቴን ምን አመጣው?»

«ማዶ ያሉት ነጮች፣ ቦሮቹ፣ በጠመንጃ አባርረዋቸው፣ አንዲት ፍየል እየጎተቱ ነው የመጡት። የኮሲ አያት እዚህ ቆመው ‹ያ ቦታ ያንተ ነው› አሏቸው። ያን ጊዜም ረኃብ ነበር። ፍየሏ ስንት ፉርጎ ታክል ነበር?»

ሳቁ አሁን ወደ ራ ፎኮ ዞረ። ወንበሩን አስተካክሎ አንገቱን ደፋ።

«ልጅቷ እኔ ጋ ናት» አሉ ማ ኬቦናንግ። «ከውሃ መሳቢያው ጀርባ፣ በመጨረሻው ግቢ። በሬን ቆልፌ አላውቅም፤ ዛሬም አልቆልፍም። የምበላውን ትበላለች። ካጣሁ አብረን እናጣለን። ጨረስኩ።»

ሚስተር ኔልን አየሁት። ወደ ውሃ መሳቢያው ዞሮ አላየም። አለማየቱ ነው ያስፈራኝ።

ከዚያ ኮሲ የማይቀረውን አደረጉ። ቦታ የሚሰጠው እንግዳ ተነሥቶ ስሙን፣ የአባቱን ስምና የመጣበትን አገር በገዛ አፉ መናገር አለበት። ራ ሴቢና ብድግ አለ። «ኮሲ፣ ይህ ይቅር።»

«ተቀመጥ፣ ልጄ። ስሙን ላልነገረን ሰው መሬት አንሰጥም።»

ከሴቶቹ ኋላ አንዲት ቀጭን ሴት ተነሣች፤ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። በእኛ ፖሊስ መዝገብ ለደኅንነቷ የተጻፈላት ስም ሌላ ነው። ያንን እንድትናገር በዓይኔ ለመንኳት። እሷ ግን ሰዉን ታይ ነበር፤ ጉንጫቸው የገባ፣ እግራቸው የተሰነጠቀ፣ በእሷ ጉዳይ ጠዋቱን ሙሉ ሲከራከሩ የቆዩ ሰዎች። መዋሸት አልቻለችም።

«ሞሲዲ ራማሴላ ነኝ። አባቴ ፔትሩስ ራማሴላ ነው። ከሶዌቶ ነው የመጣሁት። አስተማሪ ነኝ።»

ኮሲ ተነሡ። «ሰማችሁ። ማን ይቃወማል?» ራ ፎኮ እንኳ ዝም አለ። «እንግዲህ ሞሲዲ፣ ከማ ኬቦናንግ ግቢ ቀጥሎ ያለው ባዶ ቦታ ያንቺ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንቺን የፈለገ እኔን ይጠይቅ። በቆሎው ከመጣ ይምጣ። ካልመጣ ወፉ ያስተረፈልንን እንበላለን።»

«ፑላ!» አለ ሸንጎው። ዝናብ ይሁን ማለት ነው፤ ነገር የሚዘጋው በእሱ ነው። ሰው ሁሉ ቆሟል። እኔም ሳላስበው ጮኽኩ። እንደዚያ ቀን በአገሬ ኮርቼ አላውቅም። እንደዚያ ቀንም ፈርቼ አላውቅም።

ሚስተር ኔል ኮፍያውን አደረገ። «ጥሩ ሸንጎ ነው» አለኝ በአጠገቤ ሲያልፍ። «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም።» ፒክአፑ ወደ ድንበሩ ሄደ።

በረቱ አጠገብ ራ ሴቢና ኮሲን ያዛቸው።

«አሁን ገባዎት፣ ኮሲ? ስሟን ያውቃል። የአባቷን ስም ያውቃል። ግቢውን ያውቃል፤ በሩ እንደማይቆለፍም ያውቃል። አሁኑኑ ልውሰዳት።»

«ቦታ ሰጥቻታለሁ፤ ሰው ሁሉ አይቷል። በሸንጎ የሰጠሁትን በጓሮ ልንሣ?»

«ሸንጎውን መልሰው ይጥሩት።»

«ሰው ወደ ከብቱ ሄዷል። ነገ ጠዋት።»

«ነገ ጠዋት የሚባል የለም!»

ኮሲ ካፖርታቸውን አወለቁ። ሸሚዛቸው በላብ ረጥቧል። ካፖርቱን የበረቱ አጥር ላይ ሰቀሉት።

«ውሰዳት» አሉ በመጨረሻ።

«እስከ ሐሙስ ቀትር ለማንም አይነገር። መሄዷ ከተሰማ ጋቦሮኔ ይፈልጓታል። እዚያም እጃቸው አለ።»

«ለሸንጎውም አይነገር?»

«ለሸንጎውም።»

«በዚህ ዕድሜዬ ውሸት አስተማርከኝ» አሉ ኮሲ። ግን ቃላቸውን ሰጡ።

ሞሲዲ አልሄድም አለች። «ለእኔ ብለው በቆሎውን ተዉ። ገና አፋቸው ሳይደርቅ በኋላ በር ልውጣባቸው?»

ማ ኬቦናንግ ተቆጧት። «የተዉት እንድትኖሪ ብለው ነው። የትም ኑሪ። ሂጂ ወዲያ፣ ራሴን አታዙሪኝ።» ሁለተኛ ቀሚሷን አጣጥፋ ልትይዝ ስትል ከእጇ ወሰዱባት። «ይህ እዚህ ይቅር። ገመድ ላይ አሰጣዋለሁ፤ ያየ ሁሉ አለች ይላል።» በዘዴያቸው ደስ ብሏቸው እንደ ልጃገረድ ሳቁ።

ሞሲዲን ኋላ፣ ከሸራው ሥር አስተኝተን ተነሣን። አጥሩ አሁን በቀኛችን ነው። ጥቂት እንደሄድን ከሽቦው ማዶ አንድ ግራጫ መኪና ከእኛ እኩል መሄድ ጀመረ። ፍጥነት ስቀንስ ይቀንሳል፣ ስጨምር ይጨምራል።

«አይዩት» አለኝ ራ ሴቢና።

«አላየሁትም። ጥላው ነው የሚታየኝ።»

«ምንድን ነው?» አለች ሞሲዲ ከሸራው ሥር።

«ከብት ነው» አልኳት።

መንገዳችን ከአጥሩ እስኪርቅ ሃያ ደቂቃ ያህል አብሮን ሄደ። ለእኛ ይሁን ለራሱ ጉዳይ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሎባትሴን አለፍን። ማንም አላስቆመን።

ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት አውሮፕላኑ ድረስ ሸኘናት። ደረጃው ላይ ዞራ «ማ ኬቦናንግን ሰላም በሉልኝ» አለች። ራ ሴቢና መኪና ውስጥ ሲገባ ክራባቱን ፈታ። «አንድ ጊዜ እንኳ ቀደምናቸው፣ ራ» አለ። ቢሮ ስንደርስ ስልኩ ይጮኻል።

የሆነው ረቡዕ ሌሊት ነው። የመጡት ስንት እንደነበሩ ያየ የለም። ሽቦው በሁለት ቦታ ተቆርጧል። በመጨረሻው ግቢ፣ የሴት ቀሚስ የተሰጣበት ገመድ አጠገብ ያለውን ጎጆ በጥይት በሳስተው፣ ጣሪያውን አቃጥለው ሄደዋል። ማ ኬቦናንግ ውስጥ ነበሩ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ተቀበሩ። ሰዉ ከቀብር በቀጥታ ወደ ሸንጎ መጣ። ኮሲ ወንበራቸው ላይ አልተቀመጡም። ባዶ ራሳቸውን ቆመው ሁሉንም ተናገሩ፤ ማን እንደለመናቸው፣ ምን ብለው እሺ እንዳሉ፣ ቀሚሱን ማን እንዳሰጣው። ለራሳቸው ምንም አላሳመሩም።

ማንም አልጮኸባቸውም። ራ ፎኮ ነው የተነሣው።

«ኮሲ፣ ቢነግሩን ኖሮ» አለ፣ «አጥሩ ድረስ ሄደን እንጮህ ነበር። ‹ሄዳለች! እዚህ የለችም!› ብለን። እኔ ትልቅ ድምፅ አለኝ። ማዶ ድረስ ይሰማል።» ተቀመጠ።

ኮሲ ወደ ራ ሴቢና ዞሩ።

«መንግሥት ምን ያደርጋል?»

ራ ሴቢና ተነሣ። ጢሙን ከሐሙስ ጀምሮ አልተላጨም። «ደብዳቤ እንጽፋለን፣ ኮሲ።»

«ለማን?»

«ለማዶዎቹ። ለተባበሩት መንግሥታትም፣ ኒውዮርክ።»

«ከዚያስ?»

«አናውቅም ይላሉ።»

«ከዚያስ?»

«ሁለተኛ እንጽፋለን።»

«ሌላ ምንም የላችሁም?» አሉ አንድ ሽማግሌ። ሊሰድቡ አይደለም፤ ማወቅ ፈልገው ነው።

«የለንም፣ ራ።»

«ደብዳቤው ተጽፏል?» አሉ ኮሲ።

«ረቂቁ አለ። ሚኒስትሩ አልፈረሙበትም።»

«አንብበው። እዚሁ። ከእንግዲህ እሷን የሚመለከት ነገር ከዚህ ሸንጎ ጀርባ አይሄድም።»

የመንግሥት ደብዳቤ ሳይፈረምበት ከቢሮ አይወጣም። ራ ሴቢና ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ማህደሩን ከፈተ፤ እንግሊዝኛውን ወደ ቋንቋችን እየመለሰ ቀስ ብሎ አነበበ።

«‹አንዲት የቦትስዋና ዜጋ…›»

«ስም የላትም?» አሉ አንዲት አሮጊት ከመሬት። የማ ኬቦናንግ ታናሽ እህት ናቸው።

ራ ሴቢና እርሳሱን አወጣ። «ሙሉ ስማቸውን ይንገሩኝ፣ ማ።»

«ጋሌቦኔ ሞትሉፒ።»

ጻፈው። «‹ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች›» ሲል ሰው አጉረመረመ። «እናውቃቸዋለን!» አለ ሞዲሪ።

«አይቶ የሚመሰክር አለ?» አሉ ኮሲ። የለም። «ያላየነውን አንጽፍም። ሽቦው ከየትኛው ወገን እንደተቆረጠ ጻፍ። እሱን ሁላችንም አይተናል።»

ተጻፈ። «‹በጥልቅ እናዝናለን›» ሲል ደግሞ ራ ፎኮ «ለእነሱ ነው የምናዝንላቸው?» አለ። ያም ወጣ። አንዱ የጥይቱን ቀዳዳ ቁጥር አስገባ፤ ሌላው ሄዶ ቆጥሮ መጥቶ አረመው። እንዲህ ስንል ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች። በሾፌርነቴ ብዙ የመንግሥት ወረቀት አመላልሻለሁ፤ እንደዚያ የተመረመረ አላየሁም።

የመጨረሻው አንቀጽ ስለ በቆሎው ነበር። «‹መንግሥት በዚሁ አጋጣሚ ድንበር ላይ የቆመው የእርዳታ እህል ያለ ተጨማሪ መዘግየት እንዲለቀቅ ይጠይቃል።›»

ልጆቹ ከግንዶቹ ውጭ ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል፤ አይጫወቱም። ራ ፎኮ እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል ቆልፎ መሬት መሬት ያያል።

የማ ኬቦናንግ እህት ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ።

«ስለ በቆሎው ሌላ ወረቀት ጻፉ» አሉ። «ነገም ጻፉ፣ ከነገ ወዲያም ጻፉ። ርቦናል፤ አልዋሽም። የጋሌቦኔ ደብዳቤ ላይ ግን በቆሎ አይግባ።»

ኮሲ ሰዉን አንድ በአንድ አዩት። ጠበቁ። ራ ፎኮ ቀና አላለም፤ ግን ሊቃወም አልተነሣም። ሌላም የተነሣ የለም።

ራ ሴቢና ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ አንቀጹን በአንድ መስመር ሰረዘው። ከዚያ የቀረውን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና አነበበላቸው።